የኋላ ስፒከር ሲዘጋ

ዛሬ ቀኑ ያለቀው በረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል የኋላ ስፒከርና የተሳፋሪው ድምፅ መቆጣጠሪያ ላይ ነው። የኋላው ድምፅ ሲጠፋ ቶሎ ብሎ ስፒከር መቀየር ያሳዝናል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሽቦው ወይም ሶኬቱ ላይ ነው።

የሞተሩን ቁልፍ አጥፉ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። የስፒከሩን ሶኬት ነቅላችሁ የስፒከሩን ሁለት ጫፎች በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለኩ። ባለ 4 ኦም (ኦም ኤሌክትሪክን የመቋቋም መለኪያ ነው) ስፒከር ከ3 እስከ 4 ኦም ያሳያል። ምንም ካላነበበ ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ተበጥሷል። ደህና ከሆነ ሽቦውን ወደ ፊት ተከተሉት፤ በተለይ የኋላው ሳጥን ክዳን በሚታጠፍበት ቦታ። ላስቲኩ ደህና መስሎ ውስጡ ይበጠሳልና ቴስተሩን ሳትለቁ ወዝወዝ አድርጉት።

ድምፅ እያለ ባሱ (ወፍራሙ ድምፅ) ከሳሳ የአንደኛው ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተገላብጦ ሊሆን ይችላል። የስፒከሩን ጫፎች በ1.5 ቮልት ባትሪ ለአፍታ ንኩ፤ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ሲገናኝ የስፒከሩ ሽፋን ወደ ውጭ ይገፋል።

የተሳፋሪው ድምፅ መቆጣጠሪያ ቁልፍ አንዴ ሰርቶ አንዴ እምቢ ካለ እርጥበትና አቧራ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። በኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ) እጠቡት፣ በደንብ ሳይደርቅ አትግጠሙት።

ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከር በአንድ መስመር ላይ በትይዩ (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ) ከቀጠላችሁ ጭነቱ 2 ኦም ይሆናል። ለዚያ ያልተሰራ አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) ይግላል፣ ራሱንም ሊያጠፋ ይችላል።