ባለቤቶቿን የምትሸኝ አውሮፕላን

ከበርሊን ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ የሣር ሜዳ አየር ማረፊያ የሄድኩት አንቶኖቭ 2ን ለማየት ነው። ክንፏ ድርብ ነው፤ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። ከሩቅ ላያት የአንደኛው የዓለም ጦርነት ቅሪት ትመስላለች። ግን መጀመሪያ የበረረችው በ1947 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጄት ሰማዩን ከለመደ በኋላ! ኦሌግ አንቶኖቭ የነደፋት ለሶቪየት እርሻ ነበር። ማሳ ላይ መድኃኒት ትርጭ፣ ዕቃ ታመላልስ፣ መንገድ የሌለበት ትድረስ ተብላ።

ያየኋት የተሠራችው ፖላንድ፣ ሚዬሌትስ ከተማ ነው። በዓለም ላይ ከተመረቱት ከ18,000 በላይ አንቶኖቭ 2ዎች አብዛኞቹ የወጡት ከዚያ ፋብሪካ ነው።

ታሪኳን ከሰነዷ በፊት ቀለሟ ነገረኝ። በሩ ጠርዝ ላይ ተላልጦ ነጩ ከላይ፣ ቢጫው ከሥሩ፣ ከዚያ በታች ደግሞ የደበዘዘ አረንጓዴ ይታያል። አብራሪው ፊት ያሉት ማብሪያ ማጥፊያዎች ላይ የሩሲያ ጽሑፍ አለ፤ አጠገቡ አንዱ ባለቤት በጀርመንኛ የጻፈው ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱም አርጅቷል።

መጀመሪያ የምሥራቅ ጀርመን ወጣቶችን በፓራሹት የሚያዘልል የመንግሥት ማኅበር ንብረት ነበረች። በ1990 እ.ኤ.አ. ማኅበሩም ፈረሰ፣ አገሪቱም ከካርታ ጠፋች። እሷ ግን ቆማ ቀረች። አንድ ነጋዴ ገዛት። ሰለቸውና ለሌላ ሸጣት። አሁን የአንድ የበረራ ክበብ ናት።

ለምን ከእጅ ወደ እጅ እንደምትዞር ሽማግሌውን ሜካኒክ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። «መግዛቱንማ ማንም ይገዛታል፤ መቀለቡ ነው ጣጣው!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ባለ ዘጠኝ ሲሊንደር፣ 1,000 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተሯ በሰዓት 200 ሊትር ገደማ ቤንዚን ይጠጣል፤ ያውም የአውሮፕላን ቤንዚን።

ክበቡ ለመንገደኛ ትኬት መሸጥ አይችልም። ስለዚህ መብረር ከፈለግክ ጊዜያዊ አባል ሁን ተባልኩና ፈረምኩ። በወረቀት ደረጃ እኔም ከባለቤቶቿ አንዱ ሆንኩ ማለት ነው፤ ደግነቱ የቤንዚኑን ሒሳብ አላመጡብኝም።

ሞተሩ ዝም ብሎ አይነሳም። ቆማ ስትሰነብት ዘይት ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይወርዳል። ያ ሳይወጣ ሞተሩ ከተነሳ ውስጡ ይሰበራል። ሁለት ሰዎች ባለ አራት ቅጠሉን ፕሮፔለር በእጃቸው እየገፉ አዞሩት። ከዚያ የማስነሻው ፉጨት እየቀጠነ ሄደ፣ ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀና ያዘ። ወለሉ፣ ወንበሩ፣ ጥርሴ ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

ተንደርድራ ትነሳለች ስል ሣሩን ለቃ ነበር። ፍጥነቷ ሲቀንስ በላይኛው ክንፍ ፊት ያሉት ቅጠሎች ማንም ሳይነካቸው ራሳቸው ይከፈታሉ፤ ክንፉም በዝግታ እየበረረች ይሸከማታል። አጭር ሜዳ የሚበቃት ለዚህ ነው። ከታች ያለውን የትራክተር ሹፌር ኮፍያ ሳይቀር አየሁት። የቸኮለ ሰው ባይሳፈራት ይሻለዋል።

ስንወርድ ሜካኒኩ ከሞተሩ ሥር የዘይት መቀበያ ትሪ አስቀመጡ። ሞተሩ ሙሉ እድሳት የሚፈልግበት ጊዜ ተቃርቧል፤ ክበቡ ገንዘብ እያሰባሰበ ነው። ካልሞላላቸው ይሸጧታል። ሁለት ሰዎች መጥተው አይተዋታል አሉኝ፤ አንደኛው ዋጋ ጠይቆ ሄዷል።