ሳሊባ በ5ኛው ደቂቃ ሲወጣ

ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ምሽት፣ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ እየደበደበ የተንታኞቹን ድምፅ ሲውጥ፣ እኛ ሰፈራችን ባለው የዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን ሊቨርፑልና አርሰናል ሲጫወቱ እያየን ነበር። ጨዋታው ገና ሳይሟሟቅ፣ በ5ኛው ደቂቃ የአርሰናሉ የመሀል ተከላካይ ዊሊያም ሳሊባ ቁርጭምጭሚቱን አሞት ወጣ። ከጎኔ ተቀምጠው የነበሩት፣ እኔ ልጅ ሳለሁ ጀምሮ እንደኔው አርሰናልን ሲደግፉ የማውቃቸው ጋሼ፣ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው በቀስታ «አለቀልን» አሉ። ቃሉ ከየት እንደመጣ ስለገባኝ መልስ አልሰጠኋቸውም።

የመጣው እ.ኤ.አ. ከ2023 ነው። በዚያ ዓመት ማርች 16 ቀን አርሰናል ከስፖርቲንግ ሊዝበን ጋር ሲጫወት ሳሊባ ጀርባውን ተጎድቶ ወጣ፤ እስከ ውድድር ዘመኑ ፍጻሜም አልተመለሰም። እርሱን የሚተካ ተመጣጣኝ ተከላካይ ስላልነበረን የኋላው መስመር ወደ ራሱ ግብ እየተጠጋ ሄደ፣ መሀል ሜዳው ሳሳ፣ ቡድኑም ከሊቨርፑልና ከዌስትሃም ጋር 2 ለ 2፣ በደረጃ ሰንጠረዡ ግርጌ ከነበረው ሳውዝሃምፕተን ጋር ደግሞ በሜዳው 3 ለ 3 ተለያየ፤ ከዚያም በማንቸስተር ሲቲ 4 ለ 1 ተሸነፈ። ለ248 ቀናት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ስንመራ ቆይተን ዋንጫውን ለሌላ ያስረከብነው ኮከቦች ስላነሱን አልነበረም። አንድ ሰው ሲጎድል ቦታውን የሚሸፍን ሁለተኛ ሰው ስላልነበረን ነው።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት አርሰናል ስላደረጋቸው ግዢዎችና ስንብቶች ስጽፍ መነሻዬን ከአጥቂው ሳይሆን ከዚያ አግዳሚ ወንበር ያደረግሁት ለዚህ ነው። ሳሊባ ሲወጣ የገባው የ21 ዓመቱ ክርስቲያን ሞስኬራ ከቫሌንሲያ ሲመጣ ብዙዎቻችን ስሙን እንኳ በትክክል መጥራት አንችልም ነበር፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ግዢዎች አንጻር ጥቂት ነበር። ይህ ወጣት በሊቨርፑሉ አንፊልድ ሜዳ፣ በዚያ ጩኸት መካከል፣ ከ80 ደቂቃ በላይ ሳይደናገጥ ተከላከለ። ኳስ ሲደርሰው አይቸኩልም፤ አጥቂው ወደ እርሱ ሲዞር እጁን ዘርግቶ ርቀቱን ለክቶ ይጠብቃል እንጂ አስቀድሞ አይወረወርም። በ83ኛው ደቂቃ ዶሚኒክ ሶቦስላይ ከሩቅ በመታት ድንቅ ቅጣት ምት 1 ለ 0 ተሸንፈናል፤ ሽንፈቱም አንጀቴን በልቶታል። ሆኖም የተሸነፍንበት መንገድ የ2023ቱ ዓይነት አልነበረም።

ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ መውጣት ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ያለፈበት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 84፣ በሁለተኛው 89፣ በሦስተኛው 74 ነጥብ ሰበሰብን። የመጨረሻው ዓመት ከሁሉ ይበልጥ ያሳዘነኝ 14 ጊዜ አቻ ስለወጣን ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በሊጉ 91 ግብ ያስቆጠረ ቡድን ወደ 69 ወረደ፤ 10 የሊግ ግብ የደረሰ አንድም ተጫዋች አልነበረንም፤ ከሁሉ የበለጠ ያስቆጠረው ካይ ሃቨርትዝ 9 ላይ ቆመ። በጥር ወር የዝውውር መስኮት አጥቂው ጋብሬል ጄሱስ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ በተኛበት ሰዓት ክለቡ ማንንም ሳያስፈርም ቀረ፤ ብዙም ሳይቆይ ሃቨርትዝ በዱባይ ልምምድ ላይ የጭኑ ጡንቻ ተቀደደ። የካቲት 8 ቀን ከሌስተር ጋር ስንጫወት አማካዩ ሚኬል ሜሪኖ ተቀይሮ ገብቶ በአጥቂ ቦታ ሁለት ግብ ሲያስቆጥር እኔም እንደሌላው ዘልዬ ጨፍሬያለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ደስታው አልዘለቀም፤ የሜሪኖ ጀግንነት የራሱ ሆኖ ሳለ፣ አማካይ አጥቂ እንዲሆን ያስገደደው ውሳኔ በጥር የተፈጸመ ስሕተት ነበርና።

ስለዚህ ከአትሌቲኮ ማድሪድ የመጣው አዲሱ የስፖርት ዳይሬክተር አንድሪያ በርታ ሥራውን ሲጀምር ሁላችንም «አጥቂ፣ አጥቂ» እያልን ነበር። ቪክቶር ዮኬሬሽ መጣ፤ በፖርቹጋል ሊግ በአንድ ዓመት 39 ግብ ያስቆጠረ ሰው ነው፤ ቲየሪ ኦንሪ ይለብሰው የነበረውን 14 ቁጥር ማሊያም ወሰደ። ከፖርቹጋል የመጣ የግብ ቁጥር ወደ እንግሊዝ ሲሻገር እንደሚቀንስ የሚከራከሩ ወዳጆቼ አሉኝ፤ ሥጋታቸውን አልንቅም። እኔ የምወድለት ግን ከግቡ ይልቅ ሩጫውን ነው፦ ከተከላካዮች ጀርባ ወዳለው ባዶ ቦታ እየደጋገመ ሲሮጥ ሁለቱ የመሀል ተከላካዮች አብረውት ወደ ኋላ ይሳባሉ፤ ለቡካዮ ሳካና ለማርቲን ኦዴጋርድም ለዓመታት ያላገኙት ክፍተት ይፈጠርላቸዋል። ሊድስን 5 ለ 0 ባሸነፍንበት ቀን ሁለት ግብ ቢያስቆጥርም በዓይኔ የቀረው ይኸው ሩጫ ነው።

ለእኔ የክረምቱ ዋና ግዢ ማርቲን ዙቢሜንዲ ነው። ጆርጂኒዮና ቶማስ ፓርቴ ውላቸው አልቆ በአንድ ጊዜ ሲሄዱ የመሀል ሜዳው መሠረት ተነቅሎ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት ለሊቨርፑል «እምቢ» ብሎ በተወለደበት ከተማ ክለብ በሪያል ሶሲዳድ የቀረው ይህ አማካይ፣ ኳስ ከመቀበሉ በፊት አንገቱን ሁለት ሦስት ጊዜ አዙሮ ያያል፤ ስለዚህ ሲቀበል መዞሪያውን አስቀድሞ ያውቃል። ይህም ዴክላን ራይስን ከጥበቃው ነጻ አውጥቶ ወደፊት እንዲገሰግስ ይፈቅድለታል። የብሬንትፎርዱን አምበል ክርስቲያን ኖርጋርድን በ31 ዓመቱ ማምጣታችንን የተቹ አሉ፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ የሰከነ ሰው በተቀያሪ ወንበር ላይ መኖሩ በየካቲትና በመጋቢት እንደሚያስፈልገን አልጠራጠርም።

ኖኒ ማዱዌኬ ከቼልሲ ሲመጣ አንዳንድ ደጋፊዎች ፊርማ አሰባስበው ተቃወሙት። ይህ አሳፍሮኛል። በግዢው ዋጋ ላይ መከራከር የደጋፊ መብት ነው፤ ማሊያችንን ገና ያልለበሰን ወጣት በስድብ መቀበል ግን ከወግም ከባህልም የራቀ ነው። ደግሞም ብዙ ሳምንት ሳይቆይ ሳካ ከሊድስ ጋር በነበረው ጨዋታ ተጎዳና በአንፊልድ በቀኝ ክንፍ የጀመረው እርሱ ሆነ። አምና እንዲህ ያለው ቀን ሲመጣ እዚያ ቦታ ላይ ማን እንደሚቆም ለማወቅ ተቸግረን ነበር።

ኤበሬቺ ኤዜን በተመለከተ ስሜቴን ከሚዛኔ መለየት ይከብደኛል። የ13 ዓመት ልጅ ሳለ ከአርሰናል አካዳሚ ተሰናብቶ፣ በትንንሽ ክለቦች ተንከራቶ፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም. በኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ማንቸስተር ሲቲ ላይ ባስቆጠራት ብቸኛ ግብ ክሪስታል ፓላስን ለዋንጫ ያበቃ ሰው ነው። ወደ ቶተንሃም ሊሄድ ጫፍ ላይ ደርሶ ወደ እኛ ሲመለስና ከሊድሱ ጨዋታ በፊት በሜዳችን በኤምሬትስ ለደጋፊው ሲታይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ነገር ግን ሃቨርትዝ በነሐሴ ጉልበቱን ባይጎዳ ኖሮ ክለቡ ይህን ግዢ ይፈጽም ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ይከነክነኛል። የተዘጋ መከላከያ የሚከፍት ተጫዋች እንደሚያስፈልገን እነዚያ 14 አቻዎች በግልጽ ነግረውናል፤ ለዚህ ሌላ ጉዳት መጠበቅ አልነበረበትም።

የዝውውር መስኮቱ በተዘጋበት ሰኞ፣ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ተከላካዩ ፒዬሮ ሂንካፒዬ ከሌቨርኩሰን በውሰት መምጣቱንና ያኩብ ኪቪዮር ወደ ፖርቶ መሄዱን ስልኬ ላይ አነበብሁ። ስለ ኪቪዮር ጥቂት ማለት እፈልጋለሁ፣ ማንም አላለለትምና። ጋብሬል ማጋሌሽ በተጎዳ ጊዜ በሻምፒዮንስ ሊግ ሪያል ማድሪድን በሁለቱም ጨዋታ ስናሸንፍ በመሀል ተከላካይነት የቆመው እርሱ ነበር። ለወራት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳያማርር፣ ሲጠሩት ዝግጁ ሆኖ የተነሣ ተጫዋች በመጨረሻው ቀን ግርግር ውስጥ ያለ ስንብት መሄዱ ልቤን ነክቶታል። ውሳኔው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሂንካፒዬ በግራ መስመርም ስለሚጫወት ሁለት ቦታ ይሸፍናል። ምስጋናው ግን ይገባዋል።

እዚህ ላይ ደግሞ ትልቁ ሥጋቴ ይመጣል። ሁለት ሰው ለእያንዳንዱ ቦታ ይኑር ብለን ስንጮህ የኖርን ደጋፊዎች፣ ሁለተኛው ሰው በገንዘብ ሲገዛ በቤታችን ያደገው ልጅ ሦስተኛ እንደሚሆን አላሰብንም። ኢታን ንዋኔሪ አምና በ17 እና በ18 ዓመቱ በሁሉም ውድድሮች 9 ግብ አስቆጠረ፤ በዚህ ክረምትም አዲስ ውል ፈረመ። በቀኝ ክንፍ ከሳካ ቀጥሎ ማዱዌኬ መጥቷል፤ በመሀል ከኦዴጋርድ ቀጥሎ ኤዜ አለ። ማይልስ ሉዊስ-ስኬሊም በግራ መስመር ከሪካርዶ ካላፊዮሪና ከሂንካፒዬ ጋር ይጋፋል። ከሊድስ ጋር በ15 ዓመቱ ገብቶ ፍጹም ቅጣት ምት ያስገኘውን ማክስ ዳውማንን ያየ ሰው፣ ይህ ክለብ ልጆቹን ማሳደግ እንደማይሳነው ያውቃል። የሚያሳድገው ግን ውል ብቻ አይደለም፤ የሜዳ ደቂቃ ነው። ንዋኔሪ እስከ ጥር ድረስ በቂ ጨዋታ ካላገኘ ለግማሽ ዓመት በውሰት ቢላክ እመርጣለሁ፤ ወንበር ላይ የሚያልፍ አንድ ዓመት በዚያ ዕድሜ ላይ ላለ እግር ረጅም ነውና።

መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ኖቲንግሃም ፎረስት ወደ ኤምሬትስ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹን 11 ተጫዋቾች ጋሼ ሳይሳሳቱ እንደሚገምቱ አውቃለሁ። እኔ ዘንድሮ አስቀድሜ የማነበው ከሥር ያለውን የተቀያሪዎች ዝርዝር ነው፤ የንዋኔሪ ስም እዚያ ካለም፣ ስንት ደቂቃ እንደሚሰጠው ሰዓቴን ይዤ እቆጥራለሁ።