ለልዩ ተሰጥኦ ትምህርት የሚፈተነው ማን ነው?

ልዩ ተሰጥኦ ላላቸው የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለተዘጋጁ የትምህርት መርሐ ግብሮች ወላጆች ሲወያዩ፣ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በፈተናው ዙሪያ ይሽከረከራል። ጥያቄዎቹ ምን ዓይነት ናቸው፣ የመቁረጫ ነጥቡ ስንት ነው፣ ልጄን አስጠኚ ልቅጠርለት ወይ የሚሉት ጉዳዮች ደጋግመው ይነሣሉ። እኔ ግን ስለ ጉዳዩ ባነበብሁ ቁጥር ይበልጥ የታየኝ ነገር ቢኖር፣ ትልቁ ማጣሪያ የሚካሄደው ከፈተናው አስቀድሞ፣ ማን ይፈተን በሚለው ውሳኔ ላይ መሆኑ ነው።

የተለመደው አካሄድ ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ መምህሩ ወይም ወላጁ ልጁን ይጠቁማል፤ የተጠቆመው ልጅ በቡድን የሚሰጥ አጭር የማጣሪያ ፈተና ይወስዳል፤ ያንን ካለፈ የሥነ ልቦና ባለሙያ ለብቻው አስቀምጦ የአይኪው (የማሰብ ችሎታ መለኪያ) ፈተና ይሰጠዋል፤ በመጨረሻም አንድ ኮሚቴ ውጤቱን ከክፍል ማርኩና ከመምህሩ አስተያየት ጋር አገናዝቦ ይወስናል። የአይኪው ውጤት አማካዩ 100 እንዲሆን ተደርጎ የሚቀመር ሲሆን፣ በብዙ ቦታ እንደ መቁረጫ የሚያገለግለውን 130 ወይም ከዚያ በላይ የሚያገኙት ከመቶ ልጆች መካከል ሁለት ያህሉ ብቻ ናቸው። ይህ ቁጥር ሲታይ ማጣራቱን የሚሠራው ፈተናው ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ሳይጠቆም የቀረው ልጅ ከፈተናው ወረቀት ጋር ጭራሽ አይገናኝም።

የአይኪው ፈተና ታሪክ ራሱ ትንሽ የሚገርም ነው። አልፍሬድ ቢኔ እና ቴዎዶር ሲሞን እ.ኤ.አ. በ1905 ፓሪስ ውስጥ ያዘጋጁት መለኪያ ዓላማው በተለመደው ትምህርት የሚቸገሩ ልጆችን ለይቶ ለመርዳት እንጂ ጎበዞችን ለመምረጥ አልነበረም። መለኪያውን አሜሪካ ውስጥ አሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ1916 ያሳተመው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሉዊስ ተርማን ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1,500 የሚበልጡ ከፍተኛ ውጤት ያላቸው ልጆችን መርጦ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚከታተል ጥናት ጀመረ። እርሱም ቢሆን እጩዎቹን በብዛት ያገኘው መምህራን የክፍላቸውን ብልህ ልጆች እንዲጠቁሙለት በመጠየቅ ነበር። ተፈትነው ነጥቡ ሳይሞላላቸው ከቀሩት መካከል በኋላ በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ዊልያም ሾክሊ እና ሉዊስ አልቫሬዝ ይገኙበታል። ሁለት ሰዎች አንድን መለኪያ ውድቅ ለማድረግ እንደማይበቁ አውቃለሁ፤ ሆኖም በመቁረጫ ነጥብ ላይ ከልክ በላይ ለሚተማመን ሰው ታሪኩን ሳልጠቅስለት አላልፍም።

የመምህር ጥቆማ ለምን ይስታል? መምህራን ደካሞች ስለሆኑ አይደለም። ብዙ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ውስጥ በቀላሉ ዓይን ውስጥ የሚገባው እጁን የሚያወጣው፣ ጽሑፉ የሚያምረው፣ የታዘዘውን በጊዜው የሚጨርስ ልጅ ነው። ሥራውን ቀድሞ ጨርሶ ሲሰለቸው የሚረብሸው፣ የትምህርቱን ቋንቋ ገና በመልመድ ላይ ያለው፣ ወይም ዓይን አፋር የሆነው ልጅ በዚህ መንገድ አይታይም። የዕድሜውም ነገር አለ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ በትልቁና በትንሹ ልጅ መካከል እስከ አንድ ዓመት የሚጠጋ ልዩነት ይኖራል፤ ለስድስት ዓመት ልጅ ደግሞ አንድ ዓመት የዕድሜው አንድ ስድስተኛ ነው። በደንብ የተዘጋጀ ፈተና ውጤቱን ከእኩዮቹ ጋር ብቻ ስለሚያነጻጽር ይህን ልዩነት ያስተካክላል፤ የመምህሩ ዓይን ግን ብስለትን ከተሰጥኦ ለመለየት እምብዛም አመቺ ሁኔታ የለውም።

ይህን በግልጽ ያሳየው በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት የብሮዋርድ ወረዳ ትምህርት ቤቶች የታየው ለውጥ ነው። ወረዳው እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ጥቆማ መጠበቁን ትቶ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን በሙሉ በሥዕልና በቅርጽ ላይ የተመሠረተ አጭር ፈተና ማስፈተን ጀመረ፤ በዚህም የተሻለ ውጤት ያገኙት ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ይላኩ ነበር። የምጣኔ ሀብት ምሁራኑ ዴቪድ ካርድ እና ላውራ ጁሊያኖ ውጤቱን ሲያጠኑ፣ ወደ መርሐ ግብሩ የሚገቡ የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ፣ የጥቁርና የሂስፓኒክ (የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው) ልጆች ቁጥር በከፍተኛ መጠን መጨመሩን አገኙ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ የመግቢያው መስፈርት ለዚህ ተብሎ ዝቅ አለመደረጉ ነው። ልጆቹ መስፈርቱን የሚያሟሉት ቀድሞም ነበር፤ የሚጠቁማቸው ሰው ግን አልነበረም። በኋላ በበጀት እጥረት ምክንያት አሠራሩ ሲዳከም በእነዚህ ልጆችና በሌሎቹ መካከል የነበረው ልዩነት ተመልሶ መጣ።

ፈተናው ራሱ ከእንከን ነፃ ነው ማለቴ አይደለም። ማንኛውም የአይኪው ውጤት የጥቂት ነጥቦች የመለኪያ ስሕተት ስላለው፣ 128 ያገኘው ልጅና 131 ያገኘው ልጅ በችሎታ ይለያያሉ ብሎ አፍን ሞልቶ መናገር አይቻልም፤ አንዱን አስገብቶ ሌላውን የሚያስቀረው ያንለት ማለዳ የነበረው የእንቅልፍ መጠን ሊሆን ይችላል። ልጁ በዕድሜ ባነሰ ቁጥር ውጤቱ ከዓመት ዓመት የመለዋወጡ ዕድልም ይጨምራል። ኒው ዮርክ ከተማ ለዓመታት የአራት ዓመት ሕፃናትን ስትፈትን በቆየችበት ጊዜ አቅም ያላቸው ወላጆች ለፈተና ማለማመጃ ገንዘብ ያወጡ ነበር፤ ማለማመዱ ደግሞ ፈተናው ይለካል የተባለውን ነገር ያደበዝዘዋል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2021 ፈተናውን ስታቆም የተካችው በቅድመ መደበኛ መምህራን ጥቆማና በዕጣ ነበር። የአራት ዓመት ሕፃን አለመፈተኑ ደስ ቢለኝም፣ በጥቆማ መተካቱ ግን አንዱን ቀዳዳ ደፍኖ ሌላውን እንደ መክፈት ነው የምቆጥረው።

ብዙም የማይወራለት ሌላው ነገር መስፈርቶቹ የሚጣመሩበት መንገድ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ልጁ በአይኪውም፣ በሒሳብም፣ በንባብም ከመቁረጫው በላይ እንዲሆን ካስገደደ፣ በአንዱ ዘርፍ እጅግ የላቀውን ልጅ ይጥለዋል፤ ከሦስቱ አንዱ ይበቃል ካለ ደግሞ በአጋጣሚ አንድ ቀን የቀናው ሁሉ ይገባል። የሦስቱን አማካይ መውሰድ በመካከል የሚያርፍ ሲሆን የመለኪያ ስሕተቱንም ይቀንሳል። አንድ ዓይነት ፈተና፣ አንድ ዓይነት ልጆች፣ ነገር ግን ደንቡ ሲቀየር የተመረጡት ስም ዝርዝር ይቀየራል።

ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1984 በጀመረችው መርሐ ግብር የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎችን በሁለት ዙር እየፈተነች ከመቶ አንድ ያህሉን መርጣ በጥቂት ትምህርት ቤቶች ስትሰበስብ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ይህን አሠራር እንደምታስቀርና እያንዳንዱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላቁ ተማሪዎቹን በሚበልጡበት የትምህርት ዓይነት ራሱ እንዲያስተምር እንደምታደርግ አስታውቃለች። ይህ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ ስሜት ይሰጠኛል፤ ተጨማሪ የሚሰጠው ትምህርት ሒሳብ ከሆነ መመዘን ያለበትም በሒሳብ ነው፤ በንባብ የዘገየ ልጅ ከሒሳቡ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ስለ አንድ መርሐ ግብር ምክር ለሚጠይቀኝ ወላጅ፣ የጥያቄዎቹን ዓይነት ከማጥናቱ በፊት ትምህርት ቤቱን ሦስት ነገር እንዲጠይቅ እመክረዋለሁ። የሚፈተኑት ሁሉም ልጆች ናቸው ወይስ የተጠቆሙት ብቻ? ውጤቱ የሚነጻጸረው በክፍል ነው ወይስ በወራት በተቆጠረ ዕድሜ? ዘንድሮ ያላለፈው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይፈተናል ወይስ በሰባት ዓመቱ የተሰጠው ውሳኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል አብሮት ይቆያል?