ከቃሊቲ እስከ ኮዬ ፈጬ፦ እጅ በማይጨበጥበት ሰሞን

ሚያዝያ 2012 አጋማሽ፣ ፋሲካ አልፎ ረመዳን የገባ ሰሞን ነው። ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚጭኑት ሚኒባሶች በግማሽ ጭነትና በእጥፍ ታሪፍ ይሠራሉ። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ከተገኘበት ከመጋቢት 4 ወዲህ ሁለት ወር አልሞላም። መጋቢት 30 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ብቻ ሳይሆን መጨባበጥንም ከልክሏል። ጎረቤትን መጨበጥ በሕግ ያስጠይቃል ቢባል ከዓመት በፊት ማን ያምን ነበር?

በር ላይ ረዳቱ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ሳኒታይዘር ጠብ ያደርጋል። ጠብታዋ ግን ለሁለት ጣት እንኳ አትበቃም። አልኮሉ ሥራውን እንዲሠራ የመዳፍ ጎድጓዳ የሚሞላ ያህል ያስፈልጋል፤ የጣቶች መሐል፣ አውራ ጣትና የጥፍር ሥር እስኪዳረስ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማሸት፣ ከዚያም በራሱ እስኪደርቅ መተው ነው። ብዙው ሰው ግን እንደተቀበለ ሱሪው ላይ ይጠርገዋል። በውሃ የቀጠነ ከሆነም ዋጋ የለውም፤ አልኮሉ ከ60 በመቶ ከወረደ ሽታው ይቀራል እንጂ የመግደል አቅሙ ይደክማል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው መስኮቱ ነው። ቫይረሱ በዋናነት በትንፋሽ እንደሚዛመት በኋላ በደንብ ታውቋል፤ ያኔ ግን ጭንቀቱ ሁሉ ብሩና የበሩ እጀታ ላይ ነበር። ስድስት ሰው በተዘጋ መኪና ውስጥ እጁን አሽቶ ከሚቀመጥ፣ አንዱን መስኮት ከፊት፣ ሌላውን ከኋላ በተቃራኒ ጎን አራት ጣት ያህል ከፍቶ ቢሄድ አየሩ ይወጣል፣ ይገባል። ይህን በእኛ አገር ታክሲ ውስጥ ማስፈጸም ቀላል አይደለም። ነጠላቸውን እስከ ጆሯቸው የተከናነቡ እናት "ዝጋው ልጄ፣ ኮሮናው ሳይደርስ ብርዱ ይገድለኛል" አሉ፤ መስኮቱ ተዘጋ። እሳቸውን የሚከራከር ወጣት በዚያ መኪና ውስጥ አልነበረም። ደግ አሠራሩ ብርድ የሚፈራውን ከሚከፈተው መስኮት ወደ ፊት ቀደም ብሎ ያለው ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ንፋሱ በብዛት የሚመታው ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠውን ነውና።

ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ስወርድ ሰላምታው ገና መልክ አልያዘም። ሁለት ጎልማሶች ከሩቅ ተያዩ፣ እጃቸው እንደለመደው ተዘረጋ፣ መሐል ላይ ሁለቱም ሰበሰቡት፣ ሳቁ፣ ከዚያ ክርናቸውን አጋጩ። ከዚያም ትከሻ ለትከሻ ሊገጣጠሙ ሲሉ አንደኛው ወደኋላ አለ። ክርን ማጋጨት የዚያን ሰሞን ፋሽን ነበር፤ እኔ ግን አልወደድኩትም። ክርን ለማጋጨት ከአንድ ሜትር በታች መጠጋት ግድ ነው። በዚያ ላይ "ስታስሉ በክርናችሁ ሸፍኑ" የተባለው ያው ክርን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድሃኖም ገና የካቲት መጨረሻ ላይ ይህንኑ ርቀት አንስተው፣ እሳቸው ሰው ሰላም ሲሉ እጃቸውን ልባቸው ላይ እንደሚያደርጉ ጽፈው ነበር።

ለእኛ ደግሞ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እጅ መንሳት ነው። ከገበያው መግቢያ ላይ አንድ ሽማግሌ እንዴት እንደሚደረግ አሳዩን። ሁለት የአዋቂ እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ከወገባቸው ጎንበስ አሉ። ከዚያ ጥያቄው ተከተለ፤ እንዴት ዋላችሁ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ልጆች ደህና፣ ከብቱስ? እጅ ሲጨበጥ ረጅም የሚሆነው ሰላምታ ሳይጨበጥም ረዘመ፤ ማንም ቅር አላለውም። ሙስሊሙም "አሰላሙ አለይኩም" ብሎ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል፣ በኦሮምኛ "አካም ጅርቱ" የሚለውም እንዲሁ። የሚበላሸው ወሬው ሲጀመር ነው። ጭምብሉ ድምፅ ያፍናል፣ ሲኖትራኩ ይጮኻል፣ ስለዚህ ሰው ለመስማት አንድ እርምጃ ይጠጋል፤ ጭምብሉንም አገጩ ሥር ያወርደዋል። ጆሮ የሚከብዳቸው ካሉ ከዋናው መንገድ ራቅ ብሎ ቆሞ ማውራት ነው መፍትሔው፤ ጆሯቸው ሥር መጮህ አይደለም።

ልጆች ጉልበት መሳም ሲከለከሉ ከአዋቂው ይልቅ ግራ ይገባቸዋል። ሽማግሌው አንዱን ሕፃን በመዳፋቸው ምልክት "እዚያው ቁም" ብለው "እደግ፣ ተመንደግ" አሉት። ምርቃቱ ሳይቀርበት ጉልበቱ ቀረ።

ከአደባባዩ ዳር የሰፈሩ ወጣቶች የእጅ ማስታጠቢያ ተክለዋል፦ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ከታች የተበሳ ቀዳዳ ላይ የገባ ቧንቧ፣ በስቶኪንግ ተቋጥሮ የተንጠለጠለ ሳሙና። ሳሙናው የተንጠለጠለው እንዳይሰረቅ ብቻ አይደለም፤ ድንጋይ ላይ ቢቀመጥ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ችግሩ ቧንቧው ላይ ነው። በቆሸሸ እጅ ተከፍቶ በታጠበ እጅ ይዘጋል። ትንሽ አለፍ ብሎ ያለው ሱቅ ደጃፍ ላይ የተሻለ አየሁ፤ የጀሪካኑ አንገት በገመድ ታስሮ ገመዱ ከመሬት ካለ እንጨት ጋር ተያይዟል፣ እንጨቱ በእግር ሲረገጥ ጀሪካኑ ያዘነብላል። እጅ ምንም አይነካም። ለአንድ ሰው ግማሽ ሊትር ብናስብ 20 ሊትሩ ለ40 ሰው ነው፤ የታክሲ ሰልፍ ባለበት ይህ ምንም ማለት አይደለም። የሚሞላው ሰው በስም ካልተመደበ ጀሪካኑ ባዶውን ይውላል።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ላይ ያው ውሃ ነው ፈተናው። በፈረቃ ይመጣል፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ለመድረስ ጉልበት ያጥረዋል። ደረጃው አንድ፣ የደረጃው መደገፊያ ብረት አንድ፣ ነዋሪው ብዙ። አንዱ ብሎክ ላይ የጋራ መዋጮ አውጥተው ብረቱን በበረኪና ይወለውላሉ። ልኩ አስቸጋሪ አይደለም፤ ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ ለ4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 80 ሚሊ ሊትር፣ ጢም ያለ የቡና ስኒ ያህል ማለት ነው። በሙቅ ውሃ ከተበጠበጠ፣ ወይም ፀሐይ ላይ ከዋለ ኃይሉ ያልቃል፤ ስለዚህ የየዕለቱን በየዕለቱ። ከአሲድ ጋር መቀላቀል ደግሞ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል። "ጠንከር እንዲል" ብለው የሽንት ቤት ማጽጃ ሊጨምሩ ሲሉ አንዲት ጎረቤት ናቸው ያስቆሟቸው።

ቡናው አልቀረም፣ ሰዉ ግን ቀንሷል፤ በር ከፍተው ኮሪደር ላይ ሦስት ሆነው ይጠጣሉ። አቦል ከተጠጣ በኋላ ስኒው ለቶና የሚለቀለቀው እዚያው ሳህን ውስጥ ባለ አንድ ውሃ ነው። የሁሉም ከንፈር የነካው እዚያ ውሃ ውስጥ ይገናኛል። የሚሻለው ለእያንዳንዱ የራሱን ስኒ እስከ በረካ ማስያዝ፣ መጨረሻ ላይ በሳሙና አጥቦ በሚፈስ ውሃ ማለቅለቅ ነው።

የሁሉም ልብ የሚሰበረው ግን ለቅሶ ላይ ነው። ሐዘንተኛን ሳያቅፉ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ማለት ከብዶ ብዙ ሰው ሕጉን የሚጥሰው እዚህ ነበር። ትልልቆቹ የኅዳር በሽታን ያነሳሉ፤ በ1911 አዲስ አበባን የመታውን የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ። ከአባቶቻቸው የሰሙት ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ መድረሱን ነው። የአንዱ ዕድር ዳኛ ያደረጉት ለሌላውም ይሆናል። ድንኳኑን ሦስት ጎኑን ከፍተው ተከሉት፤ ወንበሩ በሁለት እርምጃ ልዩነት ተደረደረ፣ የሐዘንተኛው ወንበር ከመግቢያው ራቅ ብሎ። ሰው አራት አራት ሆኖ በአንድ በኩል ይገባል፣ ከመቀመጫው ሆኖ ጎንበስ ይላል፣ በሌላ በኩል ይወጣል። ንፍሮው እንደ ወትሮው ሁሉም እጁን ከሚሰድበት ሰፌድ አልቀረበም፤ ጓንት ያደረገች አንዲት ሴት በጭልፋ እየጨለፈች በወረቀት ጠቅልላ ትሰጣለች። ወረቀቱ የተማሪ ደብተር ነበር፤ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሰነባብቷልና ለዚያ አላነሰም። ከዕድሩ የሚከፈለው ገንዘብ በፖስታ ታሽጎ ለቤተሰቡ የደረሰው ከቀብሩ በፊት ነው፤ ሠልስቱም ለቤተሰብ ብቻ ተተወ።