ኅዳር ሚካኤል ያተረፈው የናሙና ወቅት

የጣና ሐይቅን ውሃ የምንቀዳበትን የመጨረሻውን የናሙና ቀን ያወጣሁት እኔው ነኝ። በኤክሴል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ኖቬምበር 21። ለባለ ጀልባችን ደውዬ "ጋሼ፣ ሐሙስ ከንጋቱ 12 ሰዓት እንነሳ" አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ።

"በኅዳር ሚካኤል ነው ልጄ?"

ኅዳር 12 መሆኑ ያኔ ገባኝ። ጉዞው ለዓርብ ተዛወረ። ተናደድኩ፤ አንድ ቀን በከንቱ ሊያልፍብኝ ነው ብዬ።

ከሰኔ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ጣና ላይ ነበርን። ከባሕር ዳር ተነስተን፣ የዓባይን መውጫና የዘጌን ፊት ለፊት ይዘን፣ እስከ ጉማራ ወንዝ መግቢያ። ሴኪ ዲስክ የሚባለው ጥቁርና ነጭ ሳህን በገመድ ይወርዳል፤ ከዓይን የጠፋበት ጥልቀት ይጻፋል። ክረምት ላይ ጉማራ ጠርጎ የሚያመጣው አፈር ውሃውን ማኪያቶ ስለሚያስመስለው ሳህኑ ክንድ ሳይሞላ ይጠፋል። ከዚያ ሙቀት፣ ኦክስጅን፣ በመጨረሻም በዓይን የማይለዩትን የውሃ ነፍሳት በጥቅጥቅ መረብ አጥልሎ ጠርሙስ ውስጥ ማስገባት። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ማዕበል ስለሚያስነሳ ሁሉም ነገር በጥድፊያ ነው። ጠርሙሶቹን "ወቅቱ ሲያልቅ አስተካክላቸዋለሁ" እያልኩ ካርቶን ውስጥ ስከምር ከረምኩ።

በሚካኤል ዕለት ሥራ ስፈታ ካርቶኖቹን ከፍቼ መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ አንዱ ጠርሙስ ስም የለውም። ባዶ ነጭ ወረቀት ብቻ ተለጥፎበታል።

"የማይለቅ" የሚል ማርከር ገዝቼ ነበር። እውነትም ውሃ አያስለቅቀውም። ናሙናው የተቀመጠው ግን አልኮል ውስጥ ነው። ከክዳኑ ትንሽ ሾልኮ ሲወርድ ቀኑንም ቦታውንም አጥቦ ወስዶታል። እርሳስ ቢሆን አልኮል አይነካውም ነበር። ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፎ ከናሙናው ጋር ጠርሙሱ ውስጥ መክተት፣ በቃ። የሁለት ብር እርሳስ እንዳልል ያ ዋጋ ድሮ ቀርቷል፤ ብቻ ከማርከሩ ይረክሳል።

የመስክ ደብተሬ ላይ የጠርሙሶቹ ቅደም ተከተል ስለነበረ ሰባቱን በማጣራት አገኘኋቸው። አራቱ የነሐሴ ናቸው፤ የትኛው የየት እንደሆነ ማወቅ አልተቻለም። ነሐሴን ደግሞ ዓርብ ዕለት በጀልባ ሄጄ አላመጣውም።

በዚያው ቀን ሌላም ጉድ ወጣ። ለአልጌ ናሙና አዮዲን ያለበት ሉጎል እንጨምራለን፤ ቀለሙ ቀጠን ያለ ሻይ መምሰል አለበት። መስኮት አጠገብ ያስቀመጥኳቸው ብርሃን አግኝቷቸው ነጥተዋል። ሉጎል ጨምሬ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኳቸው። ከዚያ ደብተሩን ሳገላብጥ፣ ሐምሌ ላይ "ሐይቁ ኦክስጅን አጥሮታል፣ 80 ከመቶ" ብዬ ጽፌያለሁ፣ በትልቁ አስምሬ። ያጠረውስ ሐይቁን አልነበረም። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ነው። 22 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ በሊትር 8.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ አየሩ ስለሚሳሳ ሞልቶም 7 ገደማ ነው። እኔ መቶኛውን ያሰላሁት ውሃው ሊይዝ የሚችለውን ከባሕር ጠለል ሰንጠረዥ ወስጄ ነው። ደግነቱ መሣሪያው ያሳየኝን ጥሬ ቁጥር ጎን ላይ ጽፌው ስለነበር እንደገና ማስላት በቂ ሆነ። መቶኛውን ብቻ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ይሄን ጊዜ ሐይቁ ታፍኗል እያልኩ ነበር።

አንታርክቲካ የሚሠሩ ሰዎች ክረምቱ ሳይገባ፣ የካቲት አካባቢ ድንኳናቸውን ነቅለው ይወጣሉ። ቆሻሻቸውን ሳይቀር ቆጥረው ይጭናሉ፤ መርከቡ ያመለጠው ሣጥን በረዶው እስኪያልፍ ይጠብቃል። እኛ ሐይቁ ድረስ በባጃጅ ስለምንመላለስ እንሰንፋለን መሰለኝ። ነገም አለ እንላለን። አሁን እኔ ጠርሙሶቹን የምቆጥረው ከጀልባ ሳልወርድ ነው፤ ጋሼ "ገንዘብ ነው እንዴ?" ብለው ይስቁብኛል።

ዓርብ የመጨረሻውን ዙር ጨርሰን መረቡንና የመልሕቁን ገመድ በንጹሕ ውሃ አጥበን ፀሐይ ላይ ዘረጋን። ይሄ ለወግ አይደለም። እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በፈረንጆቹ 2011 ነው። ቁራጭ ግንዱ ይበቅላል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ገመዱ ነገ ሌላ ሐይቅ ሊገባ ይችላል።

ጋሼ ሞተሩን ነቅለው ሲሸከሙ ዞር ብለው ካርቶኖቹን አዩ።

"ታዲያ ውሃችን እንዴት ነው? ደህና ነው?"

"ገና ነው ጋሼ። በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ምናልባት ፋሲካ አካባቢ።"

"አምስት ወር ሙሉ እየቀዳሽ?" አሉኝ።