ፓስ ከቀረ በኋላ፦ በሕንድ ባቡር አልጋ ፍለጋ

ሕንድን በባቡር ለመዞር የሚነሳ የውጭ አገር ሰው አሁንም “ኢንድሬይል ፓስ” የሚባለውን ያፈላልጋል። በዶላር የሚሸጥ፣ እንደ ዓይነቱ ከግማሽ ቀን እስከ 90 ቀን የሚያገለግል፣ በተገዛበት ደረጃ ያሻን ያህል የሚያስኬድ ትኬት ነበር። ዛሬ አይሸጥም፤ ብዙም አያስቆጭም። ፓስ የያዘም ቢሆን ለየሌሊቱ አልጋውን በስሙ ማስያዝ ነበረበት፤ ባቡሩ ከሞላ ፓሱ ምንም አይፈይድለትም። ከዴልሂ ተነስቼ በአግራና በቫራናሲ፣ ኋላም ከሙምባይ ወደ ጎዋ ስጓዝ ያሳሰበኝ ይኸው የአልጋ ጉዳይ ነበር።

መደበኛው ሽያጭ የሚከፈተው ከጉዞው 60 ቀን በፊት ነው። እስከ 2024 መገባደጃ ድረስ 120 ቀን ነበር፤ የቆዩ ጽሑፎችን አምኖ አራት ወር ቀደም ብሎ የሚፈልግ ሰው ባቡሩን ስለማያገኘው የተሰረዘ ይመስለዋል። ለውጭ ቱሪስቶች ግን የተለየ ኮታ አለ፤ በአንዳንድ ባቡሮች ላይ ጥቂት አልጋ ይተውላቸዋል። ይህን ኮታ “አይ አር ሲ ቲ ሲ” በተባለው የባቡሩ መሸጫ ድረ ገጽ እስከ 365 ቀን አስቀድሞ መያዝ ይቻላል፤ ዋጋው ከመደበኛው ከፍ ይላል፣ የሚሸጠውም ለላይኞቹ የኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ ያላቸው) ደረጃዎች ነው። በውጭ ስልክ ቁጥር ለመመዝገብ 100 ሩፒና ግብር ይከፈላል። አብዛኛው ሰው የሚቸገረው ክፍያው ላይ ነው። ካርዱ በኢንተርኔት ወደ ውጭ እንዲከፍል ባንኩ መፍቀዱን፣ የማረጋገጫ ቁጥሩም የሚላክበት ስልክ ሕንድ ውስጥ መሥራቱን ከቤት ሳይወጡ ማጣራት ያሻል።

በአካል መግዛት የሚሻ በኒው ዴልሂ ጣቢያ በፓሃርጋንጅ በኩል፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ወዳለው የቱሪስቶች ቢሮ ይሂድ። ፓስፖርቱን ከነቪዛው ይያዝ፤ ፎቶ ኮፒ አይበቃም። ደረጃው ሥር ደላሎች አሉ። “ቢሮው ተዘግቷል”፣ “ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛውሯል”፣ “ትኬትህ ማኅተም ይቀረዋል” ይላሉ፤ ዓላማቸው በእጥፍ ወደሚያስከፍል የጉዞ ወኪል መውሰድ ነው። መልስ ሳይሰጡ ወደ ላይ መውጣት ይሻላል።

“ታትካል” የሚባለው የመጨረሻ ሰዓት ሽያጭ በዋዜማው ረፋድ፣ በሕንድ አቆጣጠር ለኤሲ 10:00፣ ኤሲ ለሌለው 11:00 ላይ ይከፈታል። ከጁላይ 2025 ወዲህ በኢንተርኔት ለመግዛት የሕንዶች መታወቂያ ቁጥር ስለሚጠይቅ እንግዳ ሰው ባይተማመንበት ይመረጣል።

ትኬቱ ላይ ያሉትን ምልክቶች ማወቅ ግድ ነው። “ሲ ኤን ኤፍ” ካለ አልጋው የእርስዎ ነው። “አር ኤ ሲ” ካለ መሳፈር ይችላሉ፣ ነገር ግን አንዱን የጎን ታችኛ አልጋ ከማያውቁት ሰው ጋር ተጋርተው ቁጭ ብለው ነው፤ የሚቀር ተሳፋሪ ካለ ተቆጣጣሪው ሙሉ አልጋ ይሰጥዎታል። “ደብልዩ ኤል” ተጠባባቂ ነው። የተሳፋሪዎች ዝርዝር ሲወጣ ተራው ያልደረሰ የኢንተርኔት ትኬት ራሱ ይሰረዝና ገንዘቡ ይመለሳል፤ ይዞት አልጋ ያለው ፉርጎ ውስጥ መግባት ክልክል ነው።

ስለ ደረጃዎቹ ያለኝ አስተያየት አጭር ነው፦ ለሌሊት ቱ ኤሲ (ኤሲ ያለው፣ አልጋው በሁለት ድርብ የሆነ)፣ ለቀን ስሊፐር (ኤሲ የሌለው ባለ አልጋ)። ትሪ ኤሲ (አልጋው በሦስት ድርብ የሆነ) ርካሽና ንጹሕ ቢሆንም መካከለኛው አልጋ ሲዘረጋ ታች ያለው ቀና ብሎ መቀመጥ አይችልም። በደንቡ መካከለኛው የሚዘረጋው ከ22:00 እስከ 06:00 ነው፤ ከዚያ ውጭ ታችኛው አልጋ የሁሉም መቀመጫ ይሆናል። ቱ ኤሲ መካከለኛ አልጋ የለውም፤ መጋረጃም አለው። በኤሲ ፉርጎዎች ሁለት አንሶላ፣ ትራስ፣ ብርድ ልብስና ትንሽ ፎጣ ይሰጣል። ስሊፐር ላይ ምንም የለም፤ ጋቢ ያለው ይያዝ፣ በታኅሣሥና በጥር የሰሜኑ ሌሊት ይበርዳል።

የአልጋውን ቦታ ከቁጥሩ ማወቅ ይቻላል። በትሪ ኤሲና በስሊፐር ቁጥሩን ለ8 ያካፍሉ፦ ቀሪው 1 ወይም 4 ከሆነ ታች፣ 2 ወይም 5 መካከል፣ 3 ወይም 6 ላይ፣ 7 የጎን ታች ነው፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ የጎን ላይኛ ነው። የጎን አልጋዎች አጠር ስለሚሉ ለረጅም ሰው አይመቹም። እኔ የምመርጠው ላይኛውን ነው፤ ቀንም መጋደም ይቻላል፣ ቦርሳም ከራስጌ ይቀመጣል። ታች የሚቀር ሻንጣ ከአልጋው ሥር ካለው ቀለበት ጋር በሰንሰለት ይታሰራል፤ ሰንሰለትና ቁልፍ ጣቢያው ላይ ይሸጣል። ፉርጎዎቹ በፊደል ይለያሉ፦ ኤስ ስሊፐር፣ ቢ ትሪ ኤሲ፣ ኤ ቱ ኤሲ፣ ኤች አንደኛ ማዕረግ። ባቡሩ ከ20 በላይ ፉርጎ ሊኖረው፣ በትንሽ ጣቢያም ሁለት ደቂቃ ብቻ ሊቆም ስለሚችል ፉርጎዎ የሚቆምበትን ቦታ ከመድረኩ ሰሌዳ አይቶ ቀድሞ መቆም ነው።

ለእኛ ልዩ ወጥመድ የሆነው ሰዓቱ ነው። ቀኑን ከንጋት ስለምንቆጥር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከሩብ የሚነሳ ባቡር ገና የዚያው ቀን ይመስለናል። ትኬቱ ላይ 00:15 ተብሎ ሲታተም ግን አዲሱ ቀን ገብቷል፤ በ15ኛው ቀን 00:15 ለሚነሳ ባቡር ጣቢያ የሚኬደው በ14ኛው ማታ ነው።

የጣቢያ ስምም ያሳስታል። ዴልሂ ብቻ ኒው ዴልሂ፣ ኦልድ ዴልሂ፣ ሃዝራት ኒዛሙዲንና አናንድ ቪሃር አሏት። ወደ አግራ የሚወስደው ጋቲማን ኤክስፕረስ፣ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚበረው፣ የሚነሳው ከኒዛሙዲን ነው፤ ወደ 100 ደቂቃ ይፈጅበታል። ዓርብ አይሄድም፤ ታጅ ማሃልም ዓርብ ዝግ ነው። ከአግራ ወደ ቫራናሲ በቀን ከ2024 ጀምሮ ቫንዴ ባራት የተባለ ፈጣን ባቡር አለ፣ መቀመጫ ብቻ ነው። የሌሊት አልጋ አግራ ውስጥ ከጠፋ በዋናው መስመር ላይ ያለችውን የቱንድላን ጣቢያ ይፈልጉ፤ በመኪና ቅርብ ናት። በቫራናሲ በኩል ደግሞ ብዙ ባቡር ከተማው ሳይገባ ቀድሞ ሙጋልሳራይ ይባል በነበረው፣ ከ2018 ጀምሮ በፓንዲት ዲን ዳያል ኡፓድያያ ስም በሚጠራው ጣቢያ ላይ ያልፋል፤ ከተማው ከጋንጀስ ማዶ ነው። በዚህ መስመር በዲሴምበርና በጃንዋሪ ጭጋግ ባቡሮችን ለሰዓታት ያዘገያል፤ የአዲስ አበባ በረራን ባቡሩ ዴልሂ በሚገባበት ቀን መያዝ አይመከርም።

ምግቡን በተመለከተ አረንጓዴ ነጥብ ያለበት ሥጋ የሌለው ነው። ጾመኛ ግን እዚህ ላይ ይጠንቀቅ፦ ሕንዶች “ቬጅ” የሚሉት ቅቤ፣ እርጎና አይብ ይገባበታል። ሻዩም ከወተት ጋር ነው የሚፈላው። ሙዝ፣ ኦቾሎኒና በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ ይዞ መሳፈር ያዋጣል።

ከሙምባይ ወደ ጎዋ በ1998 የተጠናቀቀው የኮንካን መስመር በቀን ነው የሚታየው። ማንዶቪ ኤክስፕረስ ጠዋት ሙምባይ ካለው ሲ ኤስ ኤም ቲ ጣቢያ ተነስቶ ማታ ጎዋ ውስጥ ማድጋኦን ይገባል፤ መነሻው በ1888 የተጠናቀቀውና በ2004 በዩኔስኮ የተመዘገበው ጣቢያ ነው። እዚህ ስሊፐር ከኤሲ ይበልጣል፤ የኤሲው መስታወት የጠቆረና አቧራማ ሲሆን የስሊፐሩ መስኮት ይከፈታል። ባሕሩን ለማየት ብሎ በቀኝ የሚቀመጥ ቅር ይለዋል፣ ሐዲዱ አብዛኛውን ከዳርቻው ራቅ ብሎ ነው የሚሄደው፤ የሚታየው ሸለቆ፣ ወንዝና ዋሻ ነው፣ ረጅሙ ካርቡዴ 6.5 ኪሎ ሜትር። በክረምቱ ዝናብ ወራት የመሬት መንሸራተት ስለሚያሰጋ ፍጥነቱ ይቀነስና የተለየ የሰዓት ሰሌዳ ይወጣል፤ በዚያ ወቅት የሚጓዝ ትኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት በዋዜማው ደግሞ ይመልከት።