ቅጠሉን ገልብጠሽ አየሽው?

ችግኝ ፍለጋ ብቻን መውጣትና ዕፅዋት ከሚወድ ሰው ጋር መውጣት ለየቅል ናቸው። ሰሞኑን ከጓደኛዬ ጋር ከአንዱ ችግኝ ጣቢያ ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ዕፅዋት መናፈሻ ስንዞር ብዙ ነገር ተማርኩ። እኔን የሚስበኝ አበባና ስም ነው። የተክሉ ዝርያ ምንድን ነው፣ ከየት መጣ እላለሁ። እሷ ደግሞ ሥሩንና የቅጠሉን ጀርባ ካላየች ዕረፍት የላትም። አንድ ተክል ፊት አብረን ቆመን የምናየው ግን ሌላ ሌላ ነው። አሁን የእሷን ዓይን በጥቂቱም ቢሆን ወርሻለሁ። ለዚህ ነው ይህን የምጽፈው።

ጓደኛዬ ችግኝ ጣቢያ ስትገባ ወደሚያምረው ተክል አትሮጥም። መጀመሪያ ግቢውን ትዞራለች። የደረቀ ቅጠል ይለቀማል ወይ? ፖቶቹ አየር እንዲያገኙ ተራርቀዋል ወይስ ተጣብቀዋል? የፖቱ ሥር ውሃ አቁሯል? «የጎረቤቱ ተክል ከታመመ የያዝሽውም ተራውን እየጠበቀ ነው» ትላለች። እውነቷን ነው። ሚሊባግም ሆነ ቀይ ሸረሪት፣ ሁለቱም የተክል ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ተባዮች፣ አንድ ፖት ላይ አይቀሩም።

አንድ ሆያ ዓይኔ ገባ። ቅጠሉ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ፣ ሐረጉም ረዘም ያለ ነበር። ላነሳው ስል «ቅጠሉን ገልብጠሽ አየሽው?» አለችኝ። ገለበጥኩት። ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ጥግ የጥጥ ብናኝ የመሰለ ነጭ ነገር ነበር። አጉሊ መነጽሯን ሰጠችኝ። በመነጽሩ ሳየው ብናኝ አይደለም። ሞላላ ሰውነት አለው፣ ዙሪያውን አጫጭር ነጭ ክሮች ወጥተውበታል። አንዱ ቀስ ብሎ እየሄደ ነበር። ሚሊባግ ነው። ሰምና ክር ስለሚለብስ ውሃ ቢረጩበት እንኳ በቀላሉ አይርስም፤ ለማጥፋት አስቸጋሪ የሚያደርገውም አንዱ ይኸው ነው። ለሠራተኛው አሳየነውና ፖቱን ከሌሎቹ ለየው።

ቀይ ሸረሪት ግን በዓይን ለማየት በጣም ትንሽ ነው። ምልክቱ ቅጠሉ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ፈዛዛ ነጠብጣብ ነው። ሲብስ ቀጭን ድር ይታያል። ጓደኛዬ ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ በታች ትይዝና ቅጠሉን በጣቷ መታ መታ ታደርገዋለች። ወረቀቱ ላይ የወደቀው ነጥብ መንቀሳቀስ ከጀመረ ነገሩ አለቀ። ሞቃትና ደረቅ አየር ስለሚስማማው በተለይ እንዲህ ባለው ወቅት ወረቀቱ ከቦርሳዋ አይጠፋም።

ሥር ለማየት ባለቤቱን እናስፈቅዳለን። ጤነኛ ሥር ጠንከር ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ ነጭ ወይም ክሬም ይሆናል። ቡናማ ሆኖ ሲነኩት የሚላላጥና የሚሸት ከሆነ በስብሷል። ቀለም ብቻውን ግን አይበቃም። ለምሳሌ ሳንሴቪዬሪያ የተባለው፣ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የሚቆም የቤት ተክል፣ ከአፈር በታች የሚሄደው ወፍራም ግንዱ በተፈጥሮው ብርቱካንማ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የታመመ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ጓደኛዬ ከቀለሙ ይልቅ ጥንካሬውንና ሽታውን ታምናለች።

ሥሩ ፖቱን ዞሮ ዞሮ የተጠመጠመበት ተክል ሲገጥመን የምንወስነው እንደ ተክሉ ነው። ለስላሳ ግንድ ያለውን ፈታ አድርጎ ሰፋ ያለ ፖት ውስጥ መትከል ይቻላል። የዛፍ ችግኝ ከሆነ ግን እንጠነቀቃለን። የተጠመጠመው ሥር ከዓመታት በኋላ እየወፈረ የራሱን ግንድ ሊያንቅ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ፖቱን ዘንበል ስናደርገው አፈሩ ሁሉ ከረገፈ ትናንት የተዛወረ ነው ማለት ነው፤ ሥር እስኪይዝ እዚያው ቢቆይ ይሻለዋል። አበባ ላይ ደግሞ ከፈነዳው ይልቅ እንቡጥ የበዛበትን እመርጣለሁ። ይህንንም ከእሷ ነው የቀዳሁት። ድሮ አበባው ሞልቶ የፈነዳውን ነበር የምሸከም።

የእኔ ድርሻ ሲደርስ ስለ ሳንሴቪዬሪያ ብዙ አወራሁ። ተመራማሪዎች በዘረመል ጥናት ተመርኩዘው ዛሬ ድራሴና ወገን ውስጥ ከተውታል። ገበያው ግን የድሮ ስሙን አልለቀቀም። ዳር ዳሩ ቢጫ የሆነው ላውሬንቲ የተባለው ዓይነት ደግሞ አንድ ጸባይ አለው። ቅጠሉን ቆርጠው አፈር ውስጥ ቢሰኩት ሥር ያወጣል፣ ቡቃያም ይሰጣል። ቡቃያው ግን አረንጓዴ ብቻ ነው። ቢጫው ዳር ይጠፋል። ምክንያቱም በአንድ ቅጠል ውስጥ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ጎን ለጎን ይኖራሉ። ከቅጠል ቁራጭ አዲሱን ቡቃያ የሚሠሩት ደግሞ አረንጓዴዎቹ ናቸው። ቢጫውን ማቆየት የሚፈልግ ሰው ያለው መንገድ ከአፈር በታች ያለውን ግንድ ከነቡቃያው ከፍሎ መትከል ነው። ስለዚህ ስንመርጥ አንድ ትልቅ ቅጠል ያለውን ትተን፣ ከጎኑ ብዙ ቡቃያ ያወጣውን አነሳን። ጓደኛዬ ከቅጠል ቆርጣ ያባዛቻቸው አረንጓዴ የሆኑበትን ምክንያት ያኔ አገኘችው። ደስ አላት፤ እኔም ደስ አለኝ።

ፔላርጎኒየም ጋ ስንደርስ ደግሞ አበባውን አሳየኋት። ሰው ሁሉ ጀራኒየም ይለዋል። ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ሁለቱንም በአንድ ወገን አስቀምጧቸው ነበር። በ1789 ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሌሪቲዬ ለያቸው። ልዩነቱ በዓይን ይታያል። የእውነተኛው ጀራኒየም አምስቱ የአበባ ቅጠሎች ይመሳሰላሉ። የፔላርጎኒየም ግን የላይኞቹ ሁለቱ ከታችኞቹ ሦስቱ በመጠን ወይም በቀለም ይለያሉ። በተለይ ብዙ ያልተዳቀሉት ላይ በደንብ ይለያል። ጓደኛዬ ለዓመታት ያሳደገችውን ተክል እንደ አዲስ ስታየው ማየት በጣም ያስደስታል።

መናፈሻው ሌላ ዓለም ነው። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ የምናየው የተክሉን ልጅነት ነው። እዚህ ጉልምስናውን እናያለን። ፖት ውስጥ ቅጠሉ ድፍን የነበረው ሞንስቴራ እዚህ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቅጠሉ ተሰነጣጥቆና ተበሳስቶ ከክንዴ ይረዝማል። የስም ሰሌዳዎቹንም ማንበብ ለመድን። ብዙ የዕፅዋት መናፈሻዎች ለእያንዳንዱ ተክል የመዝገብ ቁጥር ይሰጣሉ። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ አራት አሃዞች ተክሉ መናፈሻው ውስጥ የተመዘገበበት ዓመት ናቸው። ቁጥሩን አይቶ ግንዱን ቀና ብሎ ማየት ነው። በዚያ ዓመት ልክ ምን ያህል እንዳደገ ይገባችኋል። ከመናፈሻ ግን ቁራጭ አንቆርጥም፣ የወደቀ ዘርም አንለቅምም። መጠየቅ ይቻላል፤ ዝም ብሎ መውሰድ አይቻልም።

ከሁሉም ልቤን የወሰደው ሪፕሳሊስ ባሲፌራ ነው። ከላይ የተንጠለጠለ፣ እሾህ የሌለው፣ ቀጫጭን አረንጓዴ ግንድ ያለው ተክል። ትንንሽ ነጫጭ ፍሬዎች ነበሩበት። ካክተስ ነው ብባል ላላምን እችል ነበር። ካክተሶች በተፈጥሮ የሚገኙት በአሜሪካ አህጉራት ነው። ይህ አንዱ ዝርያ ብቻ ከዚያ ውጭም በአፍሪካ፣ በማዳጋስካርና በስሪላንካ በተፈጥሮ ይበቅላል። ሌላው አፍሪካ ውስጥ ካክተስ የሚመስለን ብዙው ኤውፎርቢያ፣ ማለትም የቁልቋል ወገን ነው። ጓደኛዬ መለያውን በአጉሊ መነጽር አሳየችኝ። የካክተስ እሾህ የሚወጣው ከትንሽ ጸጉራም ጉብታ ነው። ኤውፎርቢያ ይህ ጉብታ የለውም፤ ሲቆረጥም ነጭ ወተት ያፈሳል። ወተቱ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ አደገኛ ነው። ለማጣራት ብላችሁ አትቧጭሩት፤ ጉብታውን ማየት ይበቃል።

በመጨረሻው ችግኝ ጣቢያ ትንሽ ሪፕሳሊስ አገኘንና ገዛሁት። በተፈጥሮው ዛፍ ላይ የሚኖር ስለሆነ ውሃ የሚያቁር አፈር አይስማማውም። የዛፍ ቅርፊትና ፐርላይት (ነጭ፣ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍርፋሪ) የተቀላቀለበት ለስለስ ያለ ብስባሽ አዘጋጅቼለታለሁ። ገና ግን አላዛወርኩትም። እሱም ሳንሴቪዬሪያውም አሁን ከሌሎቹ ተክሎቼ ርቀው ለብቻቸው ናቸው። ለጥቂት ሳምንታት እዚያው ይቆያሉ። ውሃ ባጠጣሁ ቁጥር ቅጠልና ግንዳቸውን በአጉሊ መነጽር አያለሁ። የራሴን መነጽር ገዝቻለሁ። እስካሁን ሁለቱም ንጹሕ ናቸው። ሪፕሳሊሱ ጫፉ ላይ አዲስ ፈዛዛ አረንጓዴ እድገት ጀምሯል።

ቀጥሎ የምሞክረው ሳንሴቪዬሪያውን መክፈል ነው። ግማሹ የጓደኛዬ ነው። እሷ ደግሞ ቅጠላቸው የሚሸት ፔላርጎኒየሞችን መሰብሰብ ጀምራለች፤ ቁራጭ ልትሰጠኝ ቃል ገብታለች። ለሚቀጥለው ጉዞ ቅደም ተከተሉን ለመቀየር ተስማምተናል። መናፈሻውን እናስቀድማለን። የጎለመሰውን ተክል አይተን፣ ቁመቱንና የሚወደውን ብርሃን ጽፈን፣ ከዚያ ችግኝ ጣቢያ እንገባለን።